ለጋብቻ ዘመድ፣ ለኩላሊት ባዕድ

ሰበታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዱርሲቱ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መልሴን ከሰላምታው በፊት ላስቀምጠውና ልረፍ፦ አይሆንም።

አሁን ሰላምታው ይቀጥላል። እንደምን አለሽ? እናትሽ አዴ ገለቴ እንደምን ናቸው? የሱሉልታ ብርድ አሁንም ጣቶችሽን ያሳብጣል? እኔ ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ግን አንቺን የሚያህል የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያን በዚህ መዋሸት በራስ ላይ ማሳቅ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ ዓመት ከሦስት ወር ሆናቸው። ማክሰኞና ዓርብ አዲስ አበባ እየሄድኩ አራት አራት ሰዓት ደሜን በማሽን አሳጥባለሁ፤ በቀሩት ቀናት እዚህ ሰበታ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይህን ማን እንደነገረሽ አውቄያለሁ። በሪሁን ሚኒባስ የሚነዳው በእጁ ሳይሆን በምላሱ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳንጻጻፍ ቆይተን፣ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ «አንዱን ኩላሊቴን ውሰድ» የሚል ሆነ። ከአንቺ በቀር እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው አላውቅም።

እህቴ ወርቅቱ ለምን እንዳልሆነች ጠይቀሻል። ልትሰጠኝ ቆርጣ ነበር። ግን በዚሁ እጥበት፣ በዲያሊስሱ፣ ምክንያት ደም እያነሰኝ የሰው ደም ሲሰጠኝ ከርሟል፤ የእኔ ሰውነት ደግሞ ያንን የሰው ደም እንደ ጠላት ቆጥሮ መሣሪያ ሲያዘጋጅ ኖሯል። የእሷንና የእኔን ደም ሲያገናኙት የእኔው የእሷን ገደለው። እህቴ ላብራቶሪው በር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የአንድ እናት ልጅ ካልሆነችኝ አንቺ እንዴት ትሆኚኛለሽ? ደግሞስ በምን ስም ትመጫለሽ? ለሠርጋችን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዘር ቆጣሪው ሽማግሌ ኦቦ ባጫ ዘራችንን ቆጥረው፣ ስድስተኛው ቤት ላይ አንድ ቅድመ አያት አግኝተው፣ «ሰባት ቤት አልሞላችሁም፣ ዘመዳሞች ናችሁ» ብለው ካለያዩን ወዲህ፣ እኔና አንቺ ምንና ምን እንደምንባል እንኳ አላውቅም።

ስላሰብሽልኝ ገለቶሚ። አትምጪ።

ጂሬኛ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጂሬኛ፣

«አይሆንም» ያልከው ሐሙስ ደረሰኝ። ደሜን የሰጠሁት ረቡዕ ነው። ዘግይተሃል።

አትቆጣ። ነርሷ ፀደንያ፣ ያቺ የንቅለ ተከላውን ጉዳይ የምታስተባብረው፣ «ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መጥቶ መመርመር ይችላል» አለችኝ። የደም ዓይነታችን አንድ ነው፣ ሁለታችንም ኦ ነን። እንዴት ነው የሚመረመረው ካልከኝ፣ ለጂኦግራፊ አስተማሪ በሚገባው ልክ ላስረዳህ። ከእኔ ደም ነጫጮቹን ሴሎች ለይተው ትንንሽ ጉድጓድ ባላት ሳህን ላይ ያስቀምጧቸዋል። ከአንተ ደም ደግሞ ሴሎቹን አውጥተው የጠራውን ውሃ፣ ሴረም የምንለውን፣ ያንጠባጥቡባቸዋል። ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀለም ይጨምሩና በማይክሮስኮፕ ያያሉ። በሕይወት ያለ ሴል ቀለሙን አላስገባም ብሎ ያበራል፤ የሞተው ቀለሙን ጠጥቶ ይጠቁራል። ብዙ ከሞተ ፖዘቲቭ ነው፣ አይሆንም ማለት ነው። ካልሞተ ኔጋቲቭ ነው፣ እሰይ ማለት ነው። እንግዲህ የእኔ ሴሎች የአንተ ደም ውስጥ ቁጭ ብለው ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም፤ ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ብለውኛል።

ደሙን የቀዳኝ ልጅ ክንዴን ሁለቴ ሳተው። ሦስተኛውን መርፌ ተቀብዬ ራሴ ወጋሁት። በድንጋጤ አፉን ከፍቶ ያየኝ ነበር።

በምን ስም ትመጫለሽ ያልከውን ቅጹም ጠይቆኛል፤ «ለታማሚው ምን ነሽ?» ይላል። «ዘመድ» ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ዓመት የጠላሁትን ቃል እየሳቅኩ ጻፍኩት።

ለምን አትደውይም ካልከኝ፣ ኔትወርክ ቢኖርም አልደውልም። ድምፅህን ስሰማ የምናገረው ይጠፋኛል። በደብዳቤ ግን እንደልቤ አዝሃለሁ፦ ጨው አትብላ፣ ዲያሊስስ አታስተጓጉል፣ ከበሪሁን ጋር በየሳምንቱ መልስ ላክ።

ዱርሲቱ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዱርሲቱ፣

ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ በሪሁን «ይኼን ሁሉ ጽፋ እጇ አልደከማትም?» እያለ ነው የሰጠኝ።

ትምህርት ቤታችን ተዘግቷል። ተማሪዎቹ ማስተር ፕላኑን ተቃውመው ወጥተዋል። የማስተምራቸው ካርታ አይደል? የአዲስ አበባ ካርታ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ እናንተ ሱሉልታ ሲሰፋ የማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍ ከእኔ ቀድመው አስልተውታል። መንገድ ተዘግቶ አንድ ዲያሊስስ አለፈኝ። ትንሽ አበጥኩ እንጂ አሁን ደህና ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምጽፈው የለም።

ተናድጄብሽ ነበር። ራስሽን መውጋትሽን ለወርቅቱ ሳነብላት ግን ሁለታችንም ሳቅን፤ ቤታችን ውስጥ ከተሳቀ ቆይቷል። እውነቱን ንገረኝ ብለሽ የለ? እውነቱ ይኸው። ከጻፍሽልኝ ቀን ጀምሮ ቀን እቆጥራለሁ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማስበው ያቺን ሳህን ነው። «እባካችሁ አትሙቱ» እላቸዋለሁ፣ ሴሎችሽን። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው አስተማሪ ከሴል ጋር ሲያወራ ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ነበር?

ጂሬኛ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጂሬኛ! ጂሬኛ!

ኔጋቲቭ! ኔጋቲቭ! ኔጋቲቭ!

አልሞቱም! ፀደንያ በጤና ጣቢያው ስልክ ነገረችኝ። መስመሩ ሁለቴ ተቆርጦ ሦስተኛው ላይ ነው የሰማሁት። ጮህኩኝ። ሰገራ ሊያስመረምሩ የተቀመጡ አንድ አባት «ማል ታቴ? ምን ተገኘብኝ?» ብለው ተነሱ። «በእርስዎ ምንም፤ በእኔ ነው!» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ግራ ገብቷቸው መረቁኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ማይክሮስኮፕ ስር ያየሁትን አላምነውም ብዬ ሁሉንም ደግሜ አየሁት።

አሁን ልቆጣ። «መንገድ ተዘግቶ» አልከኝ። ፀደንያ ሁሉን ነግራኛለች። ተማሪዎችህ እንዳይደበደቡ በሩ ላይ ቆመህ፣ ከእነሱ ጋር ተይዘህ፣ አራት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ነበርክ። ስትወጣ ትንፋሽ አጥሮህ በሰው ትከሻ ነው ማሽኑ ጋ የደረስከው። ትንሽ አበጥኩ ብሎ ነገር! ሞተህ ቢሆን ኖሮ «ትንሽ ሞቼ ነበር» ብለህ ትጽፍልኝ ነበር።

ሌላም ደብቀኸኛል። ያን ቀን ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቶሃል። አዲስ ደም አዲስ መሣሪያ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ከእህትህ ነገር ታውቀዋለህ። የእኔ ውጤት የተሠራው ከዚያ በፊት በተቀመጠ ሴረም ነው። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ሲቃረብ በአዲስ ደም እንደገና ይሠራል፤ ያኔ ፖዘቲቭ ከሆነ ሁሉም ቀረ ማለት ነው። ፈርቻለሁ። ግን ዛሬ ደስታዬን ለፍርሃት አላካፍልም።

የሚቀረን የንቅለ ተከላ ኮሚቴው ፈቃድ ነው። ሰጪው ዘመድ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋሉ። ነገ ኦቦ ባጫ ጋ እሄዳለሁ። እስቲ ያ ስድስተኛ ቤት አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን!

ዱርሲቱ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዱርሲቱ፣

ስለ ፖሊስ ጣቢያው የደበቅኩሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው። መንገዱ ላይ ድንጋይ ነበር፣ ከድንጋዩ ወዲያ ደግሞ መሣሪያ። ይቅር በይኝ።

ኮሚቴው ምን አለ ላልሽው፣ ዓርብ ነገሩኝ። ኦቦ ባጫ የጻፉት፣ ቀበሌው ማኅተም ያሳረፈበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰብሳቢዋ ሐኪም መነጽሯን ከፍ ዝቅ እያደረገች አነበበችውና «ስድስተኛ ትውልድማ እኔና አንተም ሳንገናኝ አንቀርም» አለችኝ። ደንባቸው የሚቀበለው እናትና አባትን፣ ልጅን፣ እህትና ወንድምን፣ አጎትና አክስትን፣ የአጎትና የአክስት ልጅን ነው። ይኸው ነው። ከዚያ የራቀ ሰው ኩላሊቱን ሸጦ ሊሆን ይችላል ብለው ይሰጋሉ። አልፈርድባቸውም።

ለጋብቻ ዘመድ፣ ለኩላሊት ባዕድ ሆንን። ወጥቼ ደረጃው ላይ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ እንዴት እንደሚቆም ጠፋኝ።

እዚህ ላይ ይብቃሽ። የቻልሽውን ሁሉ፣ ከቻልሽውም በላይ አድርገሻል። አዴ ገለቴን ሰላም በይልኝ።

ጂሬኛ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጂሬኛ፣

ደብዳቤህን አንብቤ አንድ ቀን አለቀስኩ። በማግሥቱ ለፀደንያ ደወልኩና «ዝርዝሩን እስቲ አንድ በአንድ አንብቢልኝ» አልኳት። አንተ የጻፍከውን ሁሉ አነበበችልኝ። ከዚያ ቀጠለች! መጨረሻው ላይ አንድ ይቀራል ለካ። አንተ እዚያ ስትደርስ ቀለም አልቆብህ ይሆን?

«ባል ወይም ሚስት» ይላል።

ሰው እንዴት እንዲህ ይደብቃል? ጨው መብላትህን ደብቅ፣ እሺ። መታሰርህን ደብቅ፣ ይሁን። ይህንን ግን ትደብቀኛለህ? ወንበር ላይ ቆሜ መጮህ ነው ያማረኝ፣ በንዴት ይሁን በደስታ እኔም አልለየሁትም።

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ፣ አንተ እንደማትጠይቀኝ ስለገባኝ። አግባኝ። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ሦስት ሽማግሌ ተልኮብኝ ሦስቱንም መልሻለሁ። እናቴ ምክንያቴን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ታውቀዋለች። ያኔ ኩላሊትህ ደህና ነበር፣ እኔም ያው ነበርኩ።

መልስህን ፈጥነህ ላክ። በሪሁን ሰኞ በሩ ላይ ይጠብቅሃል፤ ካልሰጠኸው እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ።

ዱርሲቱ


ሰበታ፣ ጥር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዱርሲቱዬ፣

አውቄ ነው የደበቅኩሽ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ ያንን መስመር ሳየው ልቤ እንዲህ ዘለለ፣ ከዚያ ደግሞ ራሴን ፈራሁት። የሰው ወሬ አይደለም ያስፈራኝ። አንድ ቀን ተጣልተን «ለኩላሊቴ ብለህ ነው ያገባኸኝ» ብትዪኝ የምመልሰው አጣለሁ ብዬ ነው። አንቺን በቅጽ ላይ እንዳለ ክፍት ቦታ ልሞላሽ አልፈለግኩም።

አሁን ግን ሦስት ሽማግሌ መመለስሽን ጻፍሽልኝ። እኔም ልንገርሽ። በየዓመቱ የሠርጋችን ቀን የነበረው እሑድ ሲመጣ በእግሬ ከሰበታ ፉሪ ድረስ እሄዳለሁ። ከዳገቱ ላይ ሱሉልታ አይታይም፣ እንጦጦ ይጋርደዋል። ቢሆንም ወደዚያ ዞሬ ቆሜ እመለሳለሁ። ከታመምኩ ወዲህ ዳገቱን መውጣት አቅቶኝ ከታች ሆኜ ነው የዞርኩት። እወድሻለሁ። መቼም ትቼሽ አላውቅም።

ቶሌ። እሺ። አገባሻለሁ፣ ሺህ ጊዜ እሺ!

ግን ሽማግሌዎቹስ? ኦቦ ባጫ ያሉት ካልተነሣ እናቴም እናትሽም አይመርቁንም፤ ያለ እነሱ ምርቃት ደግሞ እኔም አንቺም አንሞክረውም። ይሰብሰቡ እንዳንል ደግሞ በዚህ ሰሞን አምስት ሽማግሌ ዛፍ ሥር ከተቀመጠ ፖሊስ መጥቶ አጀንዳችሁ ምንድን ነው ይላል። «ኩላሊት» ቢሏቸው ማን ያምናቸዋል?

ያንቺው ጂሬኛ


ሱሉልታ፣ ጥር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጂሬኛዬ፣

ቁጭ ብለህ አንብብ።

በሬዲዮ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ሲባል ሰምተሃል። እዚህ ያመነም አለ፣ ያላመነም አለ። የዘመዳችን የኦቦ ገርባ ልጅ ግን አልሰማውም፤ ባለፈው ሳምንት በጥይት ሞተ። ለቅሶው ጫንጮ ነበር። በዚህ ሰሞን ሰው ተሰብስቦ ማንም የማይበትነው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። የእናንተም አጎቶች ከፉሪ መጥተው ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ድንኳኑ ጥግ ተቀምጫለሁ። ለኦቦ ባጫ ጉዳያችንን አስቀድሜ ነግሬያቸው፣ «ዘር አይታጠፍም ልጄ» ብለውኝ ተመልሼ ነበር። ተስፋ ቆርጫለሁ።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ባጫ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ጎበዝ፣ እየቀበርን ብቻ ነው እንዴ የምንኖረው?» አሉ። «ከስድስት ዓመት በፊት የቆጠርኩት አለ። እንደገና እቆጥራለሁ» አሉና በግራ እጃቸው የእኛን ቤት፣ በቀኝ እጃቸው የእናንተን ያዙ። አንድ፣ ሁለት እያሉ ወደ ላይ ወጡ። ስድስተኛው ላይ፣ ያ ቅድመ አያታችን መምጣት ያለበት ቦታ ላይ፣ ቆም አሉ። ወደ ኦቦ ገርባ አዩ። ከዚያ «ሆርዶፋ» አሉ። ቀጥለው «ጃርሶ» አሉ። በስምንተኛው ተገናኘን!

በእኛ ቤት ሆርዶፋም ጃርሶም የሚባል ሰው ተወልዶ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ አጎቶችህ ያውቃሉ፣ እዚያ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ዘሩን በቃሉ እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ከፉሪ የመጡት ታላቁ አጎትህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሁን ሊያርሟቸው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ልክ ነው። ሆርዶፋንና ጃርሶን ረስተናቸው ነበር» አሉ።

አንድም ሰው አላረማቸውም። ኦቦ ገርባ፣ ልጃቸውን የቀበሩት አባት፣ ከተቀመጡበት እጃቸውን ዘርግተው «ይኑሩ» አሉ። ያኔ አለቀስኩ። ሰዎቹ ለሟቹ መሰላቸው፤ ለእሱም ነበር።

ዱርሲቱ


ሰበታ፣ የካቲት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለዱርሲቱ፣

ይህንን መስመር ሦስት ወረቀት ላይ ጽፌ ሞከርኩት፣ ደስ ስለሚል። ቀበሌ ፈርመን ወዲያው አንቺ ወደ ሱሉልታ ሥራሽ፣ እኔ ወደ ማሽኑ። የዓለም አጭሩ ጫጉላ የእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ኮሚቴው አንቺን ለብቻሽ ሲጠይቅሽ እኛ ባለንበት ክፍል ምን ነበር ላልሽው ልንገርሽ። ሰብሳቢዋ የጋብቻ ወረቀቱን አይታ «የሁለት ሳምንት ጋብቻ!» አለች። ኦቦ ባጫ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ጋብቻው የስድስት ዓመት ነው። የከለከልኩት እኔ ነኝ» አሏት።

«ለምን ከለከሏቸው?»

«ዘመድ ናቸው ብዬ ነዋ።»

«ወረቀቱንም ዘመድ ናቸው ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። አሁንስ?»

«ቆጠራ ተሳስቼ ነበር። ሰው አይደለሁም እንዴ?» ብለው ቁጭ አሉ። የመጡት አምስቱም ሽማግሌዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢዋ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይስቃል። ከዚያ የያኔውን የሠርግ ጥሪ ወረቀት ወርቅቱ ከቦርሳዋ አወጣችላት። ፈረሙ!

ሰኞ የካቲት 14 የመጨረሻው ምርመራ ነው። በአዲሱ ደሜ። እነዚያ ሁለት ከረጢቶች ትዝ እያሉኝ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ጂሬኛ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከሴቶች ክፍል

ጂሬኛዬ፣

ፀደንያ ይህን በሩጫ ታመጣልሃለች፤ ክፍልህ መግባት ስለተከለከልኩ ነው።

ጠዋት የሱሉልታው መንገድ እንደገና ድንጋይ ተደርድሮበት ነበር። ደሜ ትኩስ መሆን አለበት፣ በሰዓቱ ካልደረስኩ ሌላ ወር ይጠበቃል። በሪሁን መኪናውን አቁሞ አብሮኝ በእግሩ እንጦጦን ወጣ። ወደ ታች ስንወርድ እየሮጥን ነበር። በአራት ሰዓት ላብራቶሪው በር ላይ ደረስኩ። ያ ክንዴን የሳተው ልጅ ሲያየኝ ራሱ መርፌውን ዘረጋልኝ።

ከዚያ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጠራኝ። «እህቴ፣ ሙያሽ ነውና ነይ ራስሽ እዪው» አለኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበስኩ። የመጀመሪያዋን ጉድጓድ አየሁ፤ ያበራሉ። ሁለተኛዋን፤ ያበራሉ። ስድሳዋንም ጉድጓድ አየሁ፣ ልጁ ወንበር አመጣልኝ። በአዲሱ ደምህ ውስጥ፣ ከሁለቱ ከረጢት በኋላ፣ ሁሉም በሕይወት አሉ። ሰውነትህ የማንንም ደም አላምንም ሲል ቆይቶ እኔን ግን አስገባኝ።

ረቡዕ ጠዋት እኔ ቀድሜ እገባለሁ፣ አንተ ትከተለኛለህ። አትፍራ። እኔ ፈርቻለሁ፣ ለሁለታችንም ይበቃል።

ዱርሲቱ


የካቲት 17 ቀን፣ ከወንዶች ክፍል

ዱርሲቱዬ፣

ጽሑፌ ባይነበብሽ ፀደንያ ታንብብልሽ፣ እጄ አልጸናም። እንዴት አደርሽ? ቁስሉ ያምሻል? የሚያምሽን እንዳትደብቂኝ፤ መደበቅ የእኔ ሥራ ነው፣ እሱንም ትቻለሁ።

ሸናሁ!

ይቅርታ፣ ለሚስት እንዲህ አይጻፍም። ግን ዓመት ከስድስት ወር አንዲት ጠብታ ያልወጣኝ ሰው ነኝ። ኩላሊትሽ ገና ሰፍተውት ሳይጨርሱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሥራ ጀመረ አሉኝ፤ አንቺ ነሽ፣ መቼ ትዕዛዝ ትጠብቂያለሽ? እስካሁን አራት ሊትር። ፀደንያ ከረጢቱን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ ሁሉ አሳየችው። እዚህ የተኛነው ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ስለምናውቅ ከአልጋችን ሆነን አጨበጨብን። አንዱ እልል አለ።

ከዚያ ሐኪሟ «ውሃ ጠጣ» አለችኝ። በዲያሊስሱ ዘመን ውሃ በልክ ነበርና፣ ስንት ልጠጣ ብዬ እንደ ለመድኩት ጠየቅኋት። «የፈለግከውን ያህል» አለችኝ። አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፣ ጨመሩልኝ፣ ደገምኩ።

አልጋዬ አጠገብ አሁን ወንበር አምጥተው አስቀመጡ። ቀና ብዬ «ለማን ነው?» አልኳቸው፣ አውቄው፣ ሲሉት ልሰማ ብዬ።

«ለሚስትህ» አሉኝ።